ከመንግሥት ጋር የታረቀው ጓደኛዬ

እኛ አገር ጥያቄ የሚባል ነገር የለም፤ ያለው ጠብ ነው። ካላመናችሁኝ ነገ ጠዋት ውጡና ሞክሩት። ባጃጅ ውስጥ ግቡና ሹፌሩን በለሰለሰ ድምፅ «ወንድሜ፣ ዛሬ ለምን በዚህ በኩል ዞርክ?» በሉት። «ያኛው መንገድ ተቆፍሮ ነው» ቢላችሁ እናንተም ትማራላችሁ፣ እሱም ይገላገላል። እሱ ግን ዳር ይዞ ያቆምና ሙሉ ፊቱን አዙሮ «ምን አድርጌህ ነው?» ይላችኋል። ዓሣ ቤት ገብታችሁ ያዘዛችሁት ጉላሽ ለምን እንደዘገየ ብትጠይቁ፣ አስተናጋጇ በልታችሁ እስክትወጡ ድረስ ታኮርፋችኋለች። አለቃችሁን ስለ ደረጃ ዕድገታችሁ ጠይቁ፤ በማግስቱ ስማችሁ «ያ ችግር ፈጣሪው» ሆኖ ይጠብቃችኋል። ሚስቴን «የት አመሸሽ?» ብዬ ስለጠየቅኩበት ቀን ግን እዚህ ላይ አላወራም፤ እሷም ታነባለች።

እንግዲህ በእንዲህ ያለ አገር፣ አንድ ሰው ደህና ሱፍ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ፣ ደመወዝ እየተከፈለው መንግሥትን «ለምን?» ሲል የሚውልበት ሥራ አለ ብላችሁ ማን ያምናችኋል? እኔም ጓደኛዬ ማርቆስ እስኪመረጥ ድረስ አላምንም ነበር። ማርቆስ የተቃዋሚ ፓርቲ የፓርላማ አባል ነው። ፓርቲዋ ትንሽ ናት። ጠቅላላ ጉባኤዋ ባንድ ሚኒባስ ትርፍ ሳይጭን ይሄዳል ብለው የሚያሟት አሉ። ሐሰት ነው፤ ትንሽ ትርፍ ይጭናል።

እኔ ራሴ ፖለቲከኛ አይደለሁም። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ መናኸሪያው አጠገብ፣ የጽሕፈት መሣሪያና የፎቶኮፒ ቤት አለችኝ። የፎቶኮፒ ማሽን ከፖለቲካ የሚሻለው የሰጣችሁትን ሳይጨምር ሳይቀንስ ስለሚመልስላችሁ ነው። ከሱቄ ጀርባ ያለችውን ክፍል ግን ለማርቆስ ለቀቅኩለትና የፓርቲው ጽሕፈት ቤት አደረጋት። ከዚያ ወዲህ እኔ ዘንድ ሁለት ዓይነት ሰው ይመጣል፤ አንዱ መታወቂያውን ኮፒ ሊያስደርግ፣ ሌላው በመንግሥት ላይ አቤት ሊል። ሁለቱንም «መብራት እስኪመጣ ጠብቁ» ብዬ አስቀምጣቸዋለሁ።

እኔና ማርቆስ ከካምባ ወዲያ ካለ አንድ ደጋ ቀበሌ ነን። አብረን ተምረን፣ አብረን ወደ አርባ ምንጭ ወረድን። ቀበሌያችንን ከካምባ የሚለይ ወንዝ አለ። በበጋ ወንዝ ብሎ መጥራት ያሳፍራል፤ ዶሮ ታቋርጠዋለች። በልግ ሲገባ ግን ከላይ ድንጋይና ዛፍ እያንከባለለ ይወርድና ወዲህና ወዲያ ያለውን ሰው ያቆራርጣል። ባለፈው ዓመት ሚያዝያ የማርቆስን ታናሽ እህት አስቴርን ምጥ ያዛት። ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ እስከ ወንዙ አደረሳት። ወንዙ ሞልቶ ነበር። ጤና ጣቢያው ማዶ ነው፤ ጣሪያው ከዚህኛው ዳር ሆኖ ይታያል። ውኃው እስኪጎድል ዳር ላይ ጠበቁ። ውኃው ጎደለ፣ ሕፃኑ ግን አልተረፈም። ማርቆስ ይህን ሲነግረኝ እዚሁ ሱቄ ውስጥ ቆሞ ነበር፤ እኔ ወረቀት የምቆርጥ መስዬ ፊቴን አዞርኩ። ዘንድሮ አስቴር እንደገና አረገዘች። ቀኗም እንደገና ሚያዝያ ላይ ዋለ። ማርቆስ በፓርላማ ስለ ብዙ ነገር ይናገራል፤ ስለ ማዳበሪያ፣ ሥራ አጥተው ስለተቀመጡት ተመራቂዎች፣ ስለ ኑሮ ውድነት። በልቡ ያለው ግን ሚያዝያ ሳይገባ ያ ወንዝ ድልድይ እንዲኖረው ነው።

ድልድይ የለም ማለቴ አይደለም፤ በሪፖርት ውስጥ አለ። ጥር ላይ ጉዳዩ የሚመለከታቸው ሚኒስትር ዴኤታ ፓርላማ ቀርበው ሪፖርት አነበቡ። ስማቸውንም መሥሪያ ቤታቸውንም አልጠራም፤ እኛ ዘንድ በአጭሩ «ዶክተሩ» ይባላሉ። እሳቸውም የእኛው አገር ልጅ ናቸው፤ እናታቸው ዛሬም የሚኖሩት ካምባ ነው። እኔ ስብሰባውን የማየው ከሱቄ ፊት ለፊት ባለው ዓሣ ቤት ቴሌቪዥን ነበር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ኳስ ይከፈትልን ብለው ያጉረመርማሉ፣ ባለቤቱ ደግሞ «ዛሬ የእኛ ልጅ አለ» ብሎ ሪሞቱን ኪሱ ውስጥ ከቶታል። ዶክተሩ ገጽ እየገለጡ አንብበው አንብበው ከእኛ ወንዝ ደረሱና የድልድዩ ሥራ በጥሩ አፈጻጸም ላይ እንደሚገኝ አበሰሩ።

ማርቆስ እጁን አወጣ፤ ዕድልም ተሰጠው። የተቃዋሚ ዕድል ሦስት ደቂቃ ነው። በሦስት ደቂቃ ውስጥ ሰላምታ ማቅረብ፣ ማመስገን፣ መንግሥትን መክሰስና መቀመጥ አለባችሁ። ማርቆስ ሰላምታውን ዘለለው። ያ ወንዝ ያለው ከእናቱ ቤት ደጃፍ እንደሆነ፣ ባለፈው እሑድ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ ሱሪውን ሰብስቦ እንደተሻገረው ተናገረ። ድልድዩ በጥሩ አፈጻጸም ላይ ካለ ክቡር ሚኒስትር ዴኤታው እባክዎ በየት በኩል እንዳለ ይጠቁሙኝና እኔም እንደ ሰው ልሻገርበት አለ። ዓሣ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ፤ ተማሪዎቹ ኳሱን ረሱት። ከዚያ ስለ እህቱ ሊናገር ድምፁ ሰለል ማለት ሲጀምር ሰዓቱ አለቀና ማይክራፎኑ ጠፋ።

አገር የታመሰው እዚህ ላይ ነው። ማይክራፎኑ ይጥፋ እንጂ ማርቆስ አልተቀመጠም። አፉ ይንቀሳቀሳል፣ እጁ ይወራጫል፣ ድምፅ ግን የለም። በኋላ እንደነገረኝ እየደጋገመ ይል የነበረው «ክቡር አፈ ጉባኤ፣ አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ» ነው። ሕዝብ ግን ያልሰማውን ዝም ብሎ የሚያልፍ ፍጡር አይደለም፤ ራሱ ይሞላዋል። ወሬው ከሲቀላ ተነሥቶ ላይኛው ሰፈር ሴቻ ሲደርስ ማርቆስ የዶክተሩን አባት ተሳድቧል። ዶርዜ ሲወጣ ማይክራፎን ወርውሯል። ካምባ ሲገባማ ዶክተሩና ማርቆስ ተናንቀው ሰው ገላግሏቸዋል፤ መንግሥትም «ይህን ሰውዬ ዓይኑን አላይም» ብሎ ምሏል።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ፣ ማርቆስ ለዕረፍት አርባ ምንጭ መጥቶ ከጀርባ ክፍሉ አቤቱታ ሲሰማ፣ የቀበሌያችን ሽማግሌዎች ከአውቶቡስ ወረዱ። ከፊት ሃላቃ ጫፎ ነበሩ። ሃላቃ በጋሞ የሕዝብ መሪ ማዕረግ ነው፤ ሰው መርጦ፣ መርቆ የሚያስቀምጠው ማለት ነው። ሃላቃ ጫፎ የእኔንም የማርቆስንም አባት ያሳደጉ ያህል ናቸው፤ እሳቸው ሲያስነጥሱ እኛ «ይማርዎ» የምንለው ቆመን ነው። በእጃቸው እርጥብ ሣር ይዘዋል። እዚያው አስፋልቱ ላይ፣ በሱቄ በር ፊት ለፊት፣ ሁሉም ተንበረከኩ።

ይህን ለማያውቅ ልንገር። በጋሞ አገር ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ፊታችሁ ከተንበረከከ ነገሩ አበቃ። ጦር ይዛችሁ ከሆነ ታስቀምጡታላችሁ፤ ቂም ይዛችሁ ከሆነ ትውጡታላችሁ። ያንን ሣር አልፎ የሄደ ሰው ቢሞት ቀባሪ አያገኝም፤ ቢኖርም የሚቀርበው የለም። በዚህ ሣር የተነሣ ስንት ደም ሳይፈስ እንደቀረ እኔም በዓይኔ ስላየሁ ሲወራ ሰምቼ አላሾፍም። ባጃጆች ቆሙ። ማርቆስ ከውስጥ ሲወጣ ሽማግሌዎቹን አየና ሳያስበው እሱም ተንበረከከ። እኔም ተከተልኩ። የሥራ ማመልከቻ ሊያሳትም የቆመ አንድ ተመራቂም ግራ ገብቶት አብሮን ተንበረከከ፤ ምናልባት አዲስ የቅጥር መስፈርት መስሎት ይሆናል።

ሃላቃ ጫፎ አማርኛን የተማሩት ገበያ ላይ ስለሆነ እሷና እሱ ይቀላቀሉባቸዋል፤ ሐሳባቸው ግን ተቀላቅሎባቸው አያውቅም። «ልጄ፣ መንግሥት ትልቅ ናት» አሉት። «ከእሷ ተጣልተህ የት ትኖራለህ? ታረቅ።»

ማርቆስ እንዳልተጣላ አስረዳ። ይህ ቁጥጥር እንደሚባል፣ ሕዝብ የመረጠው ሰው መንግሥትን መጠየቅ ሥራው እንደሆነ፣ በሕግም እንደተጻፈ እየተቅለሰለሰ ተናገረ። ሃላቃ ጫፎ በትዕግሥት ሰሙትና አንተ ስትቆጣጠራት እሷ ደስ ይላታል ወይ ብለው ጠየቁት። ማርቆስ ትንሽ አሰበና በእውነቱ ደስ አይላትም አለ። «ደስ ካላላት ጠብ ናት» አሉ ሃላቃ። ሥራህ ሰው ማስቀየም ከሆነ ደግሞ ሌላ ሥራ እንፈልግልሃለን፣ መምህርነትህም ደህና ነበር ብለው ጨመሩበት። ማርቆስ በጭንቅ ዞሮ አየኝ። ሕገ መንግሥቱን ኮፒ አድርጌ ልስጣቸው ወይ ብዬ በሹክሹክታ ብጠይቀው ፊቱን ነሣኝ።

ሣሩን አልፎ መሄድ አይቻልምና ማርቆስ በመጨረሻ «እሺ» አለ፤ ሽማግሌዎቹ ይህን ቃል ይዘው ሲመለሱ ማርቆስ ከባንኮኒው ጀርባ ባለችው ርካሽ ወንበሬ ላይ ተደፋ። ነገሩ ቀልድ ይመስላል እንጂ ለእሱ ቀልድ አልነበረም። በጋሞ ሥርዓት የታረቁበትን ነገር መልሶ ማንሣት አይቻልም። ከታረቀ ስለ ድልድዩ በፓርላማ ትንፍሽ አይላትም። ካልታረቀ ደግሞ ያንን ሣር አልፎ ሄደ ማለት ነው፤ ወደ እናቱ ቤት የሚያስገባው መንገድ ሁሉ ወንዝ ይሆንበታል። «አፈ ጉባኤ ያልዘጋውን አፌን ሃላቃ ሊዘጉት ነው» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ቀነስ አድርጎ «አስቴርስ?» አለ። ያዘንኩለትን ያህል ለማንም አዝኜ አላውቅም።

በዚያኛው ወገን ግን ደስታ ሆነ። ሽማግሌዎቹ ለዶክተሩ መልእክቱን የላኩት በእናታቸው በኩል ነበር፤ እናት የላከችውን ደግሞ ሚኒስትር ዴኤታም ቢሆን «አጀንዳ አይደለም» አይልም። ዶክተሩ መቼም ብልህ ሰው ናቸው። ሽማግሌዎች ተቃዋሚውን ዝም ሊያሰኙላቸው፣ ያውም በነፃ፣ ያውም በካሜራ ፊት! የካቲት ላይ መኪኖች ተከታትለው መጡ። ከመካከላቸው ካሜራ የተሸከመ ባለሙያ አለ፤ «ባህላዊ እሴቶቻችን ለብሔራዊ መግባባት» የሚል ሰፊ ጨርቅም አለ። እኔና ማርቆስም በኋለኛው መኪና ተጭነን ሄድን። ወንዙ ጋ ስንደርስ መኪኖቹ ፍጥነት እንኳ ሳይቀንሱ ውኃውን እየረጩ አለፉ። የካቲት አይደለ? ድልድይ ይኑር አይኑር ማንም ልብ አላለም። እኔ ባለሥልጣን መጎብኘት ያለበት በዝናብ ወራት ነው የምለው ለዚህ ነው፤ የሚሰማኝ ግን የለም።

ዕርቁ የሚደረገው ዱቡሻ ላይ ነው። ዱቡሻ የጋሞ ሸንጎ ነው፤ ጣሪያና ግድግዳ የለውም፤ ዛፍ ስር መቀመጫ ድንጋዮች የተደረደሩበት ሜዳ ነው። መጀመሪያ ይመረቃል። ዝናቡ ይስማማ፣ ከብቱ ይርባ፣ የተጣላ ይታረቅ ይባላል፤ ሰውም ይቀበላል። ከዚያ ባለጉዳይ ይናገራል። እሱ ሲናገር ማንም አያቋርጠውም፣ ማንም ሰዓት አያይም፤ ቢፈልግ እስከ ማታ ይናገር።

ማርቆስ ተነሣ። ይህ ሰው እኮ ዕድሜውን ሙሉ ሰዓት ሲለምን የኖረ ነው! በለመደ አፉ «ክቡር አፈ ጉባኤ» ብሎ ጀመረና ወንዙን፣ ሪፖርቱን፣ ሱሪውን እያካለበ፣ ትንፋሽ ሳይወስድ ጨርሶ ቁጭ አለ። ሦስት ደቂቃ አልሞላም። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሃላቃ ጫፎ «ምን ያሳድድሃል? ገና ድንጋዩ ስራችን አልሞቀም፤ ተናገር» አሉት። ማርቆስ እንደገና ቆመ። ማይክራፎን የሚያጠፋበት ሰው የሌለ መሆኑን ለማመን ዙሪያውን ያየ መሰለኝ። ከዚያ ስለ አስቴር ተናገረ። ቃሬዛውን ማን ማን እንደያዘው፣ ዝናቡን በምን እንደከለሉላት፣ ማዶ የሚታየውን የጤና ጣቢያ ጣሪያ፣ ሕፃኑን የቀበሩበትን ቦታ፣ ሁሉንም ቀስ ብሎ ተናገረ። አስቴር ሆዷ ገፍቶ ከሴቶቹ ጋር ዳር ላይ ተቀምጣለች፤ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳበች። ማርቆስ ሲቀመጥ ካሜራ የያዘው ልጅ እንኳ ካሜራውን ዝቅ አድርጎ ነበር።

ተራው የዶክተሩ ሆነ። ዶክተሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉና በተያዘው የበጀት ዓመት የመሠረተ ልማት ተደራሽነትን ከማረጋገጥ አንጻር ሰፊ ርብርብ እየተደረገ ነው ማለት ጀመሩ። ሃላቃ ጫፎ አላቋረጧቸውም፤ ሥርዓት አይደለም። ጨርሰው ሲቀመጡ ግን የምጠይቀው አንዲት ነገር ብቻ ነች አሏቸው። «ድልድዩ አለች ወይስ የለችም?»

ዱቡሻ ላይ መዋሸት ጎሜ ነው። ጎሜ ማለት ነውርም፣ ኃጢአትም፣ መዘዝም ባንድ ላይ ነው፤ የዋሸ ሰው ቤቱ በሽታ አይጠፋበትም፣ ላሙ ትነጥፋለች ይባላል። እኔ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነኝ፤ እሑድ እሑድ ከዘማሪዎች ጋር ቆሜ እዘምራለሁ፤ በጎሜ አላምንም። ዱቡሻ ላይ ግን አልዋሽም። ዶክተሩም ብዙ የተማሩ ሰው ናቸው፤ ውጭ አገር ድረስ ሄደው ተምረዋል። «በሂደት ላይ» የሚለው ቃል ከአፋቸው ጫፍ ደርሶ አየሁት። ነገር ግን እናታቸው እዚያ ከሴቶቹ መካከል፣ ከአስቴር አጠገብ ተቀምጠው፣ ቀና ብለው ያዩዋቸዋል። ዶክተሩ ጥቁር መነጽራቸውን አወለቁ። ካሜራውን እንዲያጠፋ ለልጁ ምልክት ሰጡት።

«የለም» አሉ። «ድልድዩ የለም። እንዳለ ተጽፎ መጣልኝ፤ እኔም ሳላይ አነበብኩት። ወንዙ ወዳለበት አንድ ቀን ዞር ብዬ አላየሁም። አጥፍቻለሁ።»

ይህን ቃል ከባለሥልጣን አፍ ሰምቼ አላውቅም፤ እናንተስ? እኔ ራሴ ከድንጋዩ ላይ ተንሸራትቼ ልወድቅ ነበር። ፓርላማው ያላገኘውን መልስ አንድ የዛፍ ጥላ አገኘው። ዶክተሩ ሄደው አስቴር ፊት ተንበረከኩ። እሷ ደንግጣ ልታነሣቸው ስትሞክር ሆዷ አላጎነብስ አላት፤ እናታቸው ናቸው ደግፈው ያነሷቸው። ማርቆስና ዶክተሩ ተቃቅፈው አለቀሱ፤ እኔም አብሬ አለቀስኩ፤ ለምን ይደበቃል? ሃላቃ ጫፎ እርጥቡን ሣር በሁለቱ ራስ ላይ አደረጉና ከዛሬ ጀምሮ ይህ ነገር በእናንተ መካከል አይነሣም ብለው ዘጉት። ቆጮና ዳጣ ቀረበ፤ ሁለቱ ካንድ ገበታ በሉ። ጉባኤው ሲፈካ የማርቆስ ፊት ግን እየጠቆረ ሄደ። እውነቱን አገኘ፤ ድልድዩን ግን አላገኘም። ከእንግዲህም ሊጠይቅ አይችልም።

«ድልድዩስ?» አለ በመጨረሻ፣ የጎረሰው ሳይወርድለት።

ሃላቃ ጫፎ ገርሟቸው አዩት። ጠቡ ነው እንጂ ያለቀው ካሣው የት ሄዶ አሉት። ያጠፋ ይክሳል፤ የታረቁ ሰዎች ደግሞ አንድ ነገር አብረው ይይዛሉ። ዶክተሩ ስለ ኮንክሪትና ስለ በጀት ትንፍሽ ሊሉ ሲሉ ሃላቃ «እሷን አዲስ አበባ ስትሄድ ጠይቃት፤ ዛሬ ግንድ አለች» አሏቸው። ሽማግሌዎቹ የባሕር ዛፉን አስቀድመው አስቆርጠው ወንዙ ዳር አስቀምጠውት ኖሯል። ቀበሌው በሙሉ ወጣ። ከሁሉ የረዘመውን ግንድ ማርቆስ ከፊት፣ ዶክተሩ ከኋላ ሆነው ተሸከሙት። ተቃዋሚ ከፊት ሆኖ «ፍጠኑ እንጂ!» ይላል፤ መንግሥት ከኋላ ሆኖ «በደረጃ፣ በደረጃ» እያለ ያለከልካል። የካሜራው ልጅ መቼም ሙያውን ያውቃል፤ በዚህ ጊዜ ካሜራውን መልሶ ከፈተ። ዶክተሩ ከፎቶው በኋላ ግንዱን ይጥሉታል ብዬ ገምቼ ነበር። አፈርኩ፤ ሳይጥሉ እስከ መጨረሻው አደረሱት። አናጢዎቹ ሲመቱት፣ ሰው ድንጋይ ሲሞላበት፣ በልጉ ሳይገባ ድልድዩ ቆመ።

ሚያዝያ ላይ ወንዙ እንደ ዓመሉ ሞልቶ መጣ። አስቴርን ምጥ ሲይዛት በዚያው ቃሬዛ ተሸክመው፣ እንጨቱ ከእግራቸው ስር እየተንቋቋ፣ ውኃው ከታች እያገሳ አሻገሯት። ሴት ልጅ ወለደች። ማርቆስ ደውሎ ሲነግረኝ እንደ ልማዴ ፊቴን ላዞር ፈለግኩ፤ ስልክ ላይ መሆናችንን ረስቼው ነው። በዚያን ቀን ለመጣ ሁሉ ኮፒ በነፃ ሠራሁ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ግን መንግሥት ሪፖርት የሚያቀርበው በየጊዜው ነውና ሰኔ ላይ ፓርላማው እንደገና ተሰበሰበ። ሃላቃ ጫፎ ለሕክምና አርባ ምንጭ ወርደው ስለነበር ዓሣ ቤቱ ወሰድኳቸው። ደገኛ ናቸውና የቀረበላቸውን ዓሣ እንደ ተጠርጣሪ እያገላበጡ ያዩታል። ዶክተሩ ከኪሳቸው መነጽር አውጥተው ማንበብ ጀመሩ። ያ ድልድይ በመንግሥት ቁርጠኛ አመራርና በኅብረተሰቡ ተሳትፎ ተጠናቆ ለአገልግሎት በቅቷል አሉ። ምክር ቤቱ አጨበጨበ። እኔ ከወንበሬ ተነሣሁ። ባሕር ዛፉ የማን ነው? ድንጋዩን የተሸከመው ማን ነው? ውሸት ነው ብዬ ልጮህ ስል፣ የዶክተሩ ትከሻ ላይ ያየሁት ግንድ ትዝ አለኝና መልሼ ተቀመጥኩ። ችግሩ ውሸት አለመሆኑ ነው። በሕይወቴ የመንግሥት ሪፖርት እውነት ሆኖ ያናደደኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ማርቆስ ዕድል ተሰጠው። ዓሣ ቤቱ ውስጥ ያለ የጋሞ ሰው ሁሉ ምን እንደማይል ያውቃል። ሃላቃ ጫፎም ማኘካቸውን አቁመው ቀና አሉ። ማርቆስ ክቡር አፈ ጉባኤን አመሰገነ፤ ጊዜ ሳይሻማ፣ ቀስ ብሎ፣ ስለዚያ ድልድይ የምጠይቀው የለኝም፣ ታርቄያለሁ አለ። የምክር ቤቱ አባላት ምንነቱ ሳይገባቸው ሳቁ። እሱ ግን የዛሬው ጥያቄዬ ከእሱ ወዲያ ስላለው ወንዝ ነው ብሎ በትሕትና ጠየቀና ተቀመጠ።

ዓሣ ቤቱ በጩኸት ሲናጋ እኔ በፍርሃት ወደ ሃላቃ ጫፎ ዞርኩ። ገና ባስታረቋቸው ማግስት! እሳቸው ግን የተቆጡ አይመስሉም። ከዚያ ካምባ ወረዳ ውስጥ ድልድይ የሌለው ስንት ወንዝ እንደቀረ ጠየቁኝ። በጣቴ ልቆጥርላቸው ሞከርኩ፤ ጣቶቼ አልበቁኝም። ሃላቃ ጫፎ ሳህናቸውን ገፋ አደረጉና ስልኬን በዓይናቸው አመለከቱኝ።

«ደውልለት» አሉ። «እንዲህ ለስላሳ ጥያቄ ምን ያደርጋል? ሁለተኛዋ ዝናባችን በመስከረም ሳትመጣ፣ በደንብ ይጣላ በለው።»